ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ እግሩ ከከዳው በኋላ



በየዓመቱ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን ላይ አንዳንዱ ስለ ጤና፣ አንዳንዱ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ አንዳንዱም ስለ እድራችን አመሠራረት እየጻፈ ሲያስነብበን ቆይቷል። ዘንድሮ ተራው ለእኛ ሲደርሰን ምን ብንጽፍ ይሻላል ብለን ብዙ አሰብን። በመጨረሻ የመረጥነው ሁላችሁም የምታውቁትን ሰው፣ ሻምበል አበበ ቢቂላን ነው። አበበን የማያውቅ አለና ነው ደግሞ ስለ እሱ የምትጽፉት ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ በባዶ እግሩ ሮጦ ሮማ ላይ ማሸነፉን ያልሰማ ሕፃን እንኳ የለም። ዳሩ ግን እኛ ልናወራችሁ የፈለግነው በይበልጥ ከዚያ በኋላ ስለ መጣው፣ ሰው ብዙ ስለማያነሣው ስለ መጨረሻዎቹ አራት ዓመት ተኩል ነው። ሻምበል ሆኖ ሳለ አንተ እያልን መጻፋችንን እንደ ድፍረት አትቁጠሩብን። አገር በሙሉ አበበ ብሎ የጠራው ስለ ወደደው ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ ነገር አለ። ከአባሎቻችን አንዱ በአናጢነት የታወቁ ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ ላይ ሳሉ መሰላል ከዳቸውና ወደቁ፤ ወገባቸው ተጎዳ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እግራቸው አልታዘዝ አለ። መጀመሪያ ሰሞን የጠያቂው ብዛት በር ያጣብብ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ ሳሳ። ባለፈው ዐቢይ ጾም ሄደን ስናያቸው፣ የእድሩን ገንዘብ ለማግኘት የግድ መሞት እንዳለባቸው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ብሩን ቆጥረው መረከብ እንደማይችሉ እየሣቁ አጫወቱን። እኛም አብረን ሣቅን። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ሣቁ ጠፋብን። ያን ምሽት ነው አበበ ትዝ ያለን።

የእረኛው ልጅ

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቅ ጃቶ በሚባል የገጠር መንደር ነው። አባቱ አቶ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። የሚገርመው ነገር፣ እሱ በተወለደበት ዕለት በአሜሪካን አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ጃቶ ላይ ይህን የሚያውቅ ማን ነበር? ማንም። ልጅነቱ እንደ ማንኛውም የባላገር ልጅ ከብት በመጠበቅ አለፈ። የገና ጨዋታም ይወድ ነበር። ገና የተጫወተ ሰው እንደሚያውቀው ያ ጨዋታ ከአንዱ ሜዳ ጫፍ እስከ ሌላው ሲሮጡ መዋል ነውና እግሩ የተገራው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጣና በክቡር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። ተራ ወታደር ነበር። በዚያን ጊዜ ኦኒ ኒስካነን የሚባሉ ስዊድናዊ ለክቡር ዘበኛ ስፖርት ያስተምሩ ነበርና አበበን አገኙት። አበበም ከሱሉልታ ተራራ እስከ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም መልሶ ወደ ሱሉልታ በየቀኑ እየሮጠ ራሱን ያሠለጥን ነበር። እኛ ዛሬ ሱሉልታ በታክሲ ደርሰን ስንመለስ ደከመን እንላለን። ያን ጊዜ እሱን የሚያይ ጋዜጠኛም፣ የሚያጨበጭብ ሕዝብም አልነበረም። ወርቁ የተሠራው ማንም ባላየበት በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ሮማ

የሮማውን ነገር ባጭሩ እናሳልፈው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። ውድድሩ የተጀመረው ወደ ማታ ላይ ስለ ነበር ሯጮቹ ሳይጨርሱ መሸ፤ የኢጣልያ ወታደሮችም በመንገዱ ግራና ቀኝ ችቦ ይዘው አበሩላቸው። እዚህ አገር ቤት ለአዲሱ ዓመት ችቦ ሲለኮስ፣ እዚያ ደግሞ የኛ ልጅ በጠላት አገር በችቦ ብርሃን ይሮጥ ነበር ማለት ነው። ጫማው እግሩን ስላልተመቸው አውልቆ በባዶ እግሩ ሮጠ። የሞሮኮው ራዲ እስከ መጨረሻው አካባቢ አልለቅም ብሎት ነበር። ኢጣልያኖች ወስደው ሮማ ላይ ያቆሙት የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርሱ፣ ቀድሞውኑ ከኒስካነን ጋር በተማከረው መሠረት አበበ ጥሎት ሄደ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ጨረሰ። የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ። ያ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. በቦታው መቆሙን ሁላችን አይተናል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አበበ ካሸነፈ ከሳምንት በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያው በሮማ ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ወደ 400 የሚጠጉ ተወዳዳሪዎች ከየአገሩ መጥተው ነበር። ሁሉም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አካለ ጉዳተኞች ነበሩ። በኋላ ፓራሊምፒክ የተባለው የመጀመሪያው ውድድር ያ ነው። አበበ ያን ጊዜ አገሩ ገብቶ ሕዝብ በእልልታ እየተቀበለው ነበር። እነዚያ ሰዎች የሚጫወቱት ጨዋታ አንድ ቀን የራሱም እንደሚሆን ማን ሊነግረው ይችል ነበር?

መውደቅና መነሣት

ብዙ ሰው የሚመስለው አበበ ከሮማ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሲያሸንፍ ብቻ የኖረ ነው። እንዲህ አይደለም። ከድሉ ከሦስት ወር በኋላ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተነሣ። ያን ያስነሣው ክቡር ዘበኛ ስለ ነበር አበበም ለጥቂት ጊዜ ታሰረ፤ በነገሩ እንደሌለበት ታውቆ ተፈታ። ዓለም በሙሉ ስሙን የሚጠራው ሰው እስር ቤት መቀመጡን አስቡት። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ቦስተን ላይ ሮጠ። ከማሞ ወልዴ ጋር ሆነው ብዙውን መንገድ ከሁሉም ቀድመው ከሄዱ በኋላ ብርድና ነፋሱ አሸነፋቸው፤ አበበ አምስተኛ ወጣ።

ከዚያ የቶኪዮው ኦሊምፒክ መጣ። ውድድሩ አንድ ወር ከምናምን ሲቀረው አበበ ትርፍ አንጀት ታመመና ኦፕራሲዮን ሆነ። ከመካከላችን ትርፍ አንጀት የወጣለት ሰው ያውቀዋል፤ ወር ሙሉ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰር እንኳ ያማል። እሱ ግን ገና ከሕመሙ በደንብ ሳይጠና ልምምድ ጀመረ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ያን ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎት ነው የገባው። ከገባም በኋላ እንደ ሌላው ሰው አልተዘረረም፤ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ በአድናቆት ተመለከተው። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያሸነፈ ከሱ በፊት አልነበረም።

ሦስተኛው ሜክሲኮ ነበር፤ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.። እግሩን አሞት እያለ ተሰለፈ፤ ከመንገዱ ግማሽ ሳይደርስ አቆመ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። አገር አላዘነም፤ ወርቁ እኛው ቤት ነው የገባው። ግን ለአበበ ለራሱ ሁለት ጊዜ ባሸነፈበት ውድድር ወጥቶ መቆም ምን ያህል እንደሚከብድ ገምቱት። ሌላ ጊዜ እሮጣለሁ ብሎ አስቦ ይሆናል ብለን እናስባለን፤ ገና 36 ዓመቱ ነበር። ሌላ ጊዜ ግን አልመጣም።

ያቺ ሌሊት

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ፣ ከሜክሲኮ በአምስተኛው ወር መሆኑ ነው፣ አበበ ፎልስዋገን መኪናውን ሲነዳ በሸዋ ሸኖ አቅራቢያ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። እሱም ከውስጥ ተይዞ አደረ። ሰው ደርሶ ያወጣው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ወደ ክቡር ዘበኛ ሆስፒታል ወሰዱት። አንገቱ ላይ ተጎድቶ ስለ ነበር ከአንገቱ በታች ያለው ሰውነቱ አልንቀሳቀስ አለ። በሱሉልታ አቀበት፣ በሮማ ድንጋይ፣ በቶኪዮ አስፋልት ያልደከሙት እግሮች በአንዲት ሌሊት ሥራቸውን ጨረሱ።

ለማያውቅ አባል ነገሩን ባጭሩ እንግለጸው። በጀርባ አጥንታችን ውስጥ ሕብለ ሰረሰር የሚሉት የነርቭ ገመድ ያልፋል። አእምሮ ለእጅና ለእግር ትእዛዝ የሚልከው በዚያ በኩል ነው። ገመዱ ከተበጠሰ ወይም ክፉኛ ከተጨፈለቀ ትእዛዙ አይደርስም፤ እግሩ ራሱ ደኅና ሆኖ ሳለ እንደሌለ ይሆናል። አጥንት ተሰብሮ ይጠገናል። ይህ ግን እንደ አጥንት አይገጥምም። የኛ አናጢም ያገኛቸው ይኸው ነው።

አበበ በአደጋው በሳምንቱ፣ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። የገባበት ሆስፒታል ስቶክ ማንደቪል ይባላል፤ ከሎንዶን ወጣ ብሎ ያለ ነው። እዚያ ስምንት ወር ተኛ። መጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው ጠየቁት፤ ከመላው ዓለም የምሕረት ምኞት ካርድ ጎረፈለት።

ስለዚህ ሆስፒታል ጥቂት መናገር አለብን፤ ለነገራችን ዋና ነውና። ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ አይሁዳዊ ሐኪም ከሂትለር ሸሽተው ከጀርመን እንግሊዝ ገቡ፤ በ1936 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ሕብለ ሰረሰራቸው ለተጎዳ ወታደሮች አንድ ክፍል ከፈቱ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ብዙ አይቆይም ይባል ነበር። በአንድ ጎኑ ሲተኛ መኝታው ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ሽንቱና ኩላሊቱም ይበከላል፤ በዚያው ይሞታል። ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠው ይተውት ነበር። ጉትማን ግን አስታማሚዎቹ በሽተኛውን ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ እንዲያገላብጡ አዘዙ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር የስንቱን ሕይወት አተረፈ! ሁለተኛ፣ በሽተኛው ዝም ብሎ አይተኛም፤ እጁ የሚሠራ ከሆነ ኳስ ይወረውራል፣ ቀስት ይስባል አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ የሎንዶን ኦሊምፒክ በተከፈተበት በዚያው ዕለት፣ 16 አካለ ጉዳተኞችን በሆስፒታሉ ሜዳ ላይ በቀስት አወዳደሩ። ቅድም ልብ በሉልን ያልነው የሮማው የተሽከርካሪ ወንበር ውድድር ከዚህ የበቀለ ነው።

ቀስት የያዘው እጅ

እንግዲህ አበበ የወደቀው በእንደዚህ ያለ ቦታ ነው። ቀስ በቀስ አንገቱ መታዘዝ ጀመረ፤ ከዚያ እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ ግን አልተመለሱም፤ ዳግመኛ ቆሞ አልሄደም። ከዚህ ላይ ነው የሰውየው ማንነት የሚታየው። ሮማ ላይ ያሸነፈው በእግሩ ነው ብንል፣ ይህኛውን ያሸነፈው በምኑ ነው?

ለአደጋው ማንንም አልወቀሰም። ድሉን ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበለ ሁሉ አደጋውንም እንደዚያው መቀበሉን ለጠየቁት ይናገር ነበር። ግን ተቀበልኩ ብሎ አልተኛም። እጁ ሲሠራ ጊዜ እጅ የሚጠይቀውን ጨዋታ ያዘ። ቀስት መወርወር ተማረ፤ ፒንግ ፖንግም ተለማመደ። ዓለምን የቀደመ ሰው፣ በ37 ዓመቱ ገደማ እንደ አዲስ ጀማሪ ተሰልፎ ቀስት እንዴት እንደሚያዝ ሲማር አስቡት። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል የተሽከርካሪ ወንበር ጨዋታ ላይ በሁለቱም ተወዳደረ።

በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ አገር ለአካለ ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር ላይ በክብር እንግድነት ተጋበዘ። እንግዳ ቁጭ ብሎ ያያል እንጂ አይጫወትም። አበበ ግን ማየት አልበቃውም። በቀስቱም በፒንግ ፖንጉም ገባ። በዚህም አላበቃም፤ በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ጋሪ እሽቅድምድም ነበርና እሱም ተሳፈረ። ሸዋ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ በረዶ ሲባል የክረምቱን ጠጠር በረዶ የሚያውቅ፣ በሰሜን አውሮፓ በውሻ ጋሪ! በአሥራ ስድስት ተወዳዳሪዎች መካከል አንደኛ ወጣ። ጊዜው 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰኮንድ ነበር። ለዚያ ድል እንደ ሮማው ከተማ አልተጥለቀለቀም። ሆኖም እኛን ብትጠይቁን ከሮማው አያንስም፤ ይበልጣልም ያልነው ጊዜ አለ።

በነሐሴ 1964 ዓ.ም. ምዩኒክ ላይ የኦሊምፒክ ጨዋታ ሲከፈት አበበ በክብር እንግድነት ተገኘ። በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ስታዲየሙ ውስጥ ያለው ሕዝብ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜ 5 ቀን ነበር። አስተውላችኋል? ሮማ ላይ ያሸነፈበት ቀን ነው፤ ልክ በአሥራ ሁለተኛ ዓመቱ። ያን ቀን እሱ በወንበሩ ላይ ሆኖ ያያል፤ ጓደኛው ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጣ፤ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አንደኛ። ሾርተርም ወርቁን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ።

ዕረፍቱ

አበበ ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ከአደጋው ጋር በተያያዘ ጠንቅ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ሞተ። ገና 41 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱን ወይዘሮ የውብዳርንና አራት ልጆቹን ተወ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ወታደራዊ ክብር ተቀበረ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተው ነበር፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀንም ታወጀ። ለቀብሩ የወጣው ሕዝብ ወደ 65 ሺህ ይገመታል። እኛ እድርተኞች የቀብር ነገር አይጠፋንም። ሁለት መቶ ለቀስተኛ ሲመጣ ድንኳን እንዴት እንደሚጠበን እናውቃለንና 65 ሺህ ሕዝብ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

እንግዲህ እኛስ?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲወራ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ተስፋ አትቁረጡ፣ በርቱ የሚል ምክር ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን ከአበበ ሕይወት የተማርነውን ደኅና አድርገን ብናየው ከዚያ ትንሽ ይለያል።

አንደኛ፣ አበበ ጸና ስንል የድሮውን ግብ ይዞ ሙጭጭ አለ ማለታችን አይደለም። እግሬ እስኪመለስ እጠብቃለሁ ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ እነዚያን አራት ዓመታት ጣራ ሲያይ ያሳልፋቸው ነበር። የሄደውን ሸኝቶ የቀረውን ቆጠረ። እጅ ቀርቶታል፣ ዓይን ቀርቶታል፣ የመወዳደር ፍላጎቱ አብሮት አለ። በቀረው ጀመረ። ከመካከላችን ሥራውን ያጣ፣ ንግዱ የከሰረበት፣ ዓይኑ የደከመበት ሰው ካለ የሚጠቅመው ይህ ይመስለናል።

ሁለተኛ፣ ጽናት ያድናል አንልም። አበበን አላዳነውም፤ እግሩን አልመለሰለትም፤ ዕድሜውንም አላረዘመለትም። የሰጠው የቀረውን ዕድሜ ሰው ሆኖ መኖር ነው። ለኛ ይህ ትንሽ አይደለም። ከሞቱ አሟሟቱ ሲባል እንሰማለን፤ እኛ ደግሞ ከአሟሟቱ አኗኗሩ እንላለን።

ሦስተኛው ነው ዋናው። አበበ ብቻውን አልጸናም። ወደ ውጭ አገር የላከው መንግሥት ነበር፤ በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጠው አስታማሚ ነበር፤ ቀስት እጁ ላይ ያኖረለት ሐኪም ቤት ነበር፤ ወንበር ነበረው፤ የሚጋብዘው፣ እጁን የሚጨብጠው ነበር። የሱ ብርታት እውነተኛ ነው፤ ግን ብርታቱ የሚቆምበት መሬት አግኝቷል። ታዲያ አንድን ሰው በአልጋ ላይ ሳለ የሚያገላብጠው፣ ወደ ፀሐይ የሚያወጣው፣ የሚሠራበት ነገር የሚያቀርብለት ሳይኖር በርታ ብቻ ብለነው ብንወጣ ምን አደረግንለት? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ አልነበረም እንዴ?

የኛ አናጢ ሰው በበኩላቸው ቁጭ አላሉም። ባለፈው ሰኔ ተመልሰን ስንሄድ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው የሰፈሩን አናጢዎች መጋዝ ጥርስ ሲሞርዱ አገኘናቸው። ሦስት መጋዝ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ተራ ይጠብቃል። ለሥራው የሚከፈላቸው ጥቂት ነው። ግን መጋዙን የሚያመጣ ሰው ቁጭ ብሎ ያወራል፤ ጠያቂ ያልሆነ ጠያቂ ሆነላቸው። ምን ይጎድልዎታል ብለን ብንጠይቃቸው ገንዘብ አላሉም። በራቸው ላይ ወጥተው ብርሃን እያገኙ የሚሠሩበት ተሽከርካሪ ወንበር ቢኖር ጥሩ ነበር አሉን። ይህን ያሉትም ሁለት ጊዜ ከጠየቅናቸው በኋላ ነው።

ከዚያ ወጥተን በቀጥታ የእድራችንን እቃ ቤት አስከፍተን አየን። ድንኳኑ አለ፤ አግዳሚ ወንበሩ አለ፤ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ብርጭቆው፣ ንፍሮ መቀቀያው ሁሉ አለ። ለሞተ የሚያስፈልግ ምንም አልጎደለም፤ ለዚህም ባለፉት ዓመታት የለፉትን ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች እናመሰግናለን። በቁም ላለ የሚሆን ግን አንድም ነገር አላገኘንም።

ስለዚህ በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር እናቀርባለን፤ አባላት አስባችሁበት እንድትመጡ ከወዲሁ ማስታወቃችን ነው። አንደኛው፣ እድራችን አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ገዝቶ እንደ ድንኳኑ ሁሉ የጋራ ንብረት ያድርገው፤ ዛሬ ለእኚህ አባላችን፣ ነገ ደግሞ ለሚያስፈልገው ይሰጥ። ሁለተኛው፣ ለአልጋ ቁራኛ አባላት የጠያቂ ተራ ይውጣ፤ በሳምንት ሁለት ቤት ተራው ደርሶት ሄዶ ያገላብጥ፣ ያጫውት፣ ልብስ ያጥብ። የቀብር ቀን የቀረ አባል መቀጫ ይከፍላል። በቁም መጠየቅ የቀረም መቀጫ ይክፈል ቢባል እኛ አንቃወምም። ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ የአባል መዋጮ ላይ ትንሽ መጨመር ይበቃል ብለን እናምናለን፤ ስሌቱን ለገንዘብ ያዡ አስረክበናል።

ይህን ጽሑፍ ከማተማችን በፊት ለአናጢው አባላችን አንብበንላቸዋል፤ ስማቸው ባይጠቀስ ደስ እንደሚላቸው ነገሩን፤ እኛም አልጠቀስንም። የአበበን የውሻ ጋሪ ታሪክ ግን ሁለት ጊዜ አስደገሙን።

ለአበበና በዓመቱ ውስጥ ለተለዩን አባሎቻችን ሁሉ ነፍስ ይማር። የታመሙትን ይማርልን፤ ያለነውንም ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።